ፊልተርዎን የሚዘጋው ጣሪያዎ ነው

ጥያቄ፦ «ጣሪያዬ 80 ካሬ ሜትር ያህል ቆርቆሮ ነው። የዝናቡ ውሃ በአሸንዳ ወርዶ 5,000 ሊትር በሚይዝ የፕላስቲክ ታንከር ይጠራቀማል። ከታንከሩ ግርጌ በፓምፕ እስበዋለሁ። ባለ 5 ማይክሮን ፊልተር ገጥሜለታለሁ፤ ግን በየሁለት ሳምንቱ ይዘጋል። ውሃው ቢጫ ይላል። አንዳንዴም የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። እስካሁን ለልብስና ለሽንት ቤት ነው የምንጠቀምበት፤ ለመጠጥም እንዲሆን እፈልጋለሁ። ባለ 1 ማይክሮን ልግዛ ወይስ አርኦ የሚሉት ይሻላል? ጎረቤቴ ደግሞ ‹ክሎሪን ከጨመርክ ማጣሪያ ምን ያደርግልሃል?› ይለኛል።»

መልስ፦ ሁለቱንም አይግዙ። ቢያንስ አሁን አይግዙ። ባለ 1 ማይክሮኑን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ቢገጥሙ ሁለት ሳምንትም አይቆይም፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ይዘጋብዎታል። አርኦ፣ ማለትም ውሃን በግፊት በስስ ገለፈት የሚያጣራው መሣሪያ፣ ደግሞ ለሌላ ዓይነት ውሃ የተሠራ ዕቃ ነው። ወደ ታች እመለስበታለሁ።

የጻፉትን ሳነብ ፊልተሩ ላይ ምንም ጥፋት አላየሁበትም። እንዲያውም ሥራውን በደንብ እየሠራ ነው። ግን ጣሪያው፣ አሸንዳውና ታንከሩ ሊሠሩት የሚገባውን ሁሉ ብቻውን ተሸክሟል።

ከጥያቄዎ ሦስት ነገር ዓይኔን ሳበው። አንደኛው፣ ውሃውን ከታንከሩ ግርጌ መሳብዎ ነው። ደለሉ የሚተኛው እዚያው ነው። ፓምፑ በተነሣ ቁጥር መጀመሪያ የሚስበው ጭቃ ነው። ሁለተኛው ቢጫው ቀለም ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የቅጠል ሥራ ነው። ደረቅ ቅጠል አሸንዳ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ልክ እንደ ሻይ ቀለሙን ይለቃል። ቀለሙ ውሃው ውስጥ ስለሟሟ 5 ማይክሮን ቀርቶ 1 ማይክሮንም አይዘውም። ሦስተኛው ሽታው ነው። እንቁላል እንቁላል የሚለው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ታንከሩ ሥር የተኛው ዝቃጭ ሲወፍር ውስጡ ኦክስጅን ያጣል። ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች እዚያ ይራቡና ጋዙን ያመርታሉ። በአጭሩ፣ ታንከርዎ ሥር ብዙ ቆሻሻ ተኝቷል።

ስለዚህ ውሃው በሚወርድበት መንገድ አብረን እንውረድ፤ ከላይ ወደ ታች።

ዝናብ አየር ላይ እያለ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ነው። የሚቆሽሸው ጣሪያው ላይ ነው። አቧራ አለ፣ ቅጠል አለ፣ ጥቀርሻ አለ፣ አይጥና ድመት ይመላለሱበታል። እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን የወፍ ኩስ ነው። ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉት ሆድ የሚያገለባብጡ ባክቴሪያዎች ከእሱ ጋር ይመጣሉ። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ የዛፍ ቅርንጫፍ ካለ ይቁረጡት። ቅጠሉም ይቀንሳል፣ ወፏም ማረፊያ ታጣለች። ለዚህ ሥራ መጋዝ ብቻ ነው የሚያስፈልግዎ፤ ውጤቱ ግን ከብዙ ፊልተር ይበልጣል።

ቆርቆሮ ጥሩ ጣሪያ ነው። ለስላሳ ነው፣ ፀሐይ ያግለዋል፣ ቶሎ ይታጠባል። ግን አንድ ነገር ያጣሩ። ቀለም ከተቀባ ቀለሙ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) እንዳይኖረው። በመገጣጠሚያዎቹና በጭስ ማውጫው ዙሪያም የእርሳስ ሉህ እንዳይኖር። የዝናብ ውሃ ትንሽ አሲድነት አለው፤ ንጹሕ ዝናብ እንኳ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 5.6 አካባቢ ነው። ማዕድን ስለሌለበትም ያገኘውን ብረት ሁሉ ማሟሟት ይወዳል። የሟሟን እርሳስ ተራ የደለል ፊልተር አይዘውም፣ ማፍላትም አያጠፋውም። እርሳስ ካለ መፍትሔው እሱኑ ከጣሪያው ማንሣት ነው። አዲስ የተቀባ ጣሪያም ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዝናቦች ወደ ታንከር አያስገቡ።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። የመጀመሪያውን ውሃ መድፋት።

ዝናብ ሲጀምር ጣሪያውን ያጥባል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚወርደው የእጣቢ ውሃ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው በብዙ እጥፍ ይጠራል። ታዲያ ስንት ሊትር ይደፋ? አንዲት ቁጥር ይያዙ፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። የተለመደው ምክር ከግማሽ እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያህሉን መድፋት ነው። ጣሪያው ንጹሕ ከሆነ ግማሹ ይበቃል። አቧራና ወፍ የሚበዛበት ከሆነ ወደ 2 ይጠጋሉ። ለእርስዎ መካከለኛውን፣ 1 ሚሊ ሜትር እንያዝ። 80 ካሬ ሜትር ስለሆነ 80 ሊትር ይደፋል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ግድግዳው ላይ ሜትር ተኩል ቱቦ አቁሞ «የመጀመሪያውን ውሃ እየጣልኩ ነው» ይላል። ውስጡ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ በአንድ ሜትር የሚይዘው ወደ 8 ሊትር ብቻ ነው። ሜትር ተኩሉ 12 ሊትር ጣለ። የቀረው 68 ሊትር እጣቢ ዘው ብሎ ታንከር ገባ። ለእርስዎ ጣሪያ በቱቦ ልሥራ ካሉ 10 ሜትር ቱቦ ያስፈልግዎታል። ስለዚህ ቱቦውን ይተዉትና 100 ሊትር የሚይዝ በርሜል ያስቀምጡ። ከአሸንዳው የሚወርደው ቱቦ ላይ ቲ (ሦስት አፍ ያለው መገጣጠሚያ) ይገጠማል። ውሃው መጀመሪያ ወደ በርሜሉ ይገባል። በርሜሉ ሲሞላ ውስጡ ያለች ኳስ ተንሳፍፋ አፉን ትዘጋለች። የቀረው ዝናብ ወደ ታንከሩ ይሄዳል።

በርሜሉ ደግሞ ለሚቀጥለው ዝናብ ራሱን ባዶ ማድረግ አለበት። ለዚህ ሥሩ ላይ ጠብ ጠብ የሚያደርግ ትንሽ ቀዳዳ ይተዉለታል፤ የያዘው ውሃ በአንድ ቀን ውስጥ እንዲያልቅ። እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገርዎ። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ይህችን ቀዳዳ በጣቴ ልክ ሰፋ አድርጌ በሳኋት። ዝናቡ ዘነበ፣ ሰዓታት አለፉ፣ ታንከሩ ጠብታ አልገባበትም። ቀዳዳዋ የገባውን ሁሉ እያፈሰሰች በርሜሉ ሊሞላ አልቻለም፤ ኳሷም አልተንሳፈፈችም። ባለቤቱ «ታንከሩ ቀዳዳ ነው እንዴ?» ብሎ ደወለልኝ። 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ጠባብ ስለሆነች በቅጠል ትደፈናለች፤ ከእሷ በላይ ወንፊት ያድርጉባትና በየጊዜው ይዩዋት።

80 ሊትር መድፋት ያንገበግባል፤ ይገባኛል። ግን 10 ሚሊ ሜትር የሚዘንብበት ቀን ጣሪያዎ ወደ 700 ሊትር ሊሰጥዎ ይችላል። ከዚያ ላይ 80 ሊትር ጥሎ ፊልተሩን ማዳን ያዋጣል። የደፉትን ደግሞ አትክልት ይጠጣዋል።

ከአሸንዳው መጨረሻ ላይ ዘንበል ያለ ወንፊት ያስቀምጡ። ዘንበል ካለ ቅጠሉ ተንሸራቶ መሬት ይወድቃል። ጠፍጣፋ ከሆነ ቅጠሉ እላዩ ላይ ተከምሮ ውሃው እየተፈተለከ ውጭ ይፈስሳል።

ወደ ታንከሩ እንሂድ። ታንከር ማጠራቀሚያ ብቻ ሳይሆን ነጻ ማጣሪያም ነው። የሚያጣራው በጊዜ ነው። ረጋ ባለ ውሃ ውስጥ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የሆነች የአሸዋ ቅንጣት አንድ ሜትር ለመስመጥ ሁለት ደቂቃ ያህል ይበቃታል። 10 ማይክሮን የሆነች ደለል 3 ሰዓት ገደማ ትወስዳለች። 1 ማይክሮን የሆነች የሸክላ ብናኝ ግን ወደ ሁለት ሳምንት ይፈጅባታል። ፊልተርዎን እየዘጋ ካለው ቆሻሻ አብዛኛው በአንድ ሌሊት ሊሰምጥ የሚችል ነው ብል አልተሳሳትኩም። ግን አላረጋጉትም። ከላይ የሚገባው ውሃ እየተከሰከሰ ዝቃጩን ያነሣዋል፤ ከታች ፓምፑ ይጠጣዋል።

ሁለት ነገር ያስተካክሉ። የመግቢያውን ቱቦ እስከ ታንከሩ ወለል አጠገብ አውርደው ጫፉ ላይ ጎሚቶ (እንደ ክርን የታጠፈ መገጣጠሚያ) ይግጠሙና አፉን ወደ ላይ ያዙሩት። ውሃው ያኔ ወለሉን ሳይመታ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። መውጫውን ደግሞ ከግርጌ አንሥተው በተንሳፋፊ ቱቦ ይቀይሩት። ጫፉ ከውሃው ገጽ 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይንጠለጠል። ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውንም ሥሩ ያለውንም ሳይነካ ከመሀል ንጹሑን ይስባል። ተንሳፋፊው ካልተመቸዎት መውጫውን ቢያንስ ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት። ለእኔ ከሆነ ተንሳፋፊው ይበልጥብኛል።

ታንከሩ ብርሃን እንዳያሳልፍ ያረጋግጡ፤ ብርሃን ካለ አልጌ ይበቅላል። የትርፍ ውሃ መውጫውን ከ1 ሚሊ ሜትር በጠበበ ወንፊት ይሸፍኑት። ትንኝና እንሽላሊት ሌላ በር አይፈልጉም። አንድ ጊዜ «ውሃዬ ሽታው ተቀየረ» ያለኝን ሰው ታንከር ስከፍት ርግብ አገኘሁ። ከዚያ በላይ አልተርክም።

አሁን ያለውን ዝቃጭ ግን ማውጣት ግድ ነው። ውሃውን ጨርሰው ያጥቡት። ሰው ወደ ታንከር ብቻውን አይግባ። ያ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ በተዘጋ ቦታ ሲበዛ ይገድላል፤ ሲበረታ ደግሞ አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስላል። በረጅም እንጨት ላይ ብሩሽ አስረው ከውጭ ማጠብ ከቻሉ እሱ ይሻላል።

ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ፊልተሩ የራሱን ሥራ ብቻ ይሠራል። ያኔም ባለ 5 ማይክሮኑን ብቻውን አይተዉት። ከፊቱ ባለ 20 ማይክሮን ያስገቡ። ሻካራው ሻካራውን ይይዛል፣ ቀጭኑ ለቀጭኑ ይተርፋል። ከፊልተሮቹ በፊትና በኋላ የግፊት መለኪያ ይግጠሙ። የሁለቱ ልዩነት እየሰፋ ሲሄድ ካርትሪጁ (በፊልተሩ ውስጥ ያለው ተለዋጭ ማጣሪያ) እየሞላ ነው ማለት ነው። ባይዘጋ እንኳ በስድስት ወር ገደማ ይቀይሩት፤ የቆየ ካርትሪጅ ውስጥ ባክቴሪያ ጎጆ ይሠራል።

አሁን ማይክሮን የሚለውን እንፍታው፣ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ጋ ነው። የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮን ይወፍራል። ጃርዲያ የሚባለው የሆድ ተሕዋስ 10 ማይክሮን አካባቢ ነው። ሌላው የሆድ ተሕዋስ ክሪፕቶስፖሪዲየም ከ4 እስከ 6 ነው። ባክቴሪያ 1 ማይክሮን ገደማ ነው፣ ቫይረስ ከዚያም በብዙ ያንሳል። እንግዲህ ባለ 5 ማይክሮን ፊልተር ለባክቴሪያ ወለል ብሎ የተከፈተ በር ነው። ውሃው ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ዓይን ይማርካል፣ ጀርሙ ግን እንዳለ ነው። በዚያ ላይ ካርትሪጅ ላይ «5 ማይክሮን» ተብሎ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ያን የሚያህሉትን በብዛት ይይዛል ማለት እንጂ አንድም አያሳልፍም ማለት አይደለም። «አብሶሉት» የሚል ከሆነ ብቻ ነው ቁጥሩን በጥብቅ የሚያምኑት።

በየቪዲዮው የሚታየው በፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ አሸዋ፣ ጠጠርና ከሰል የሚደረደርበት ነገርም እንዲሁ ነው። ለትምህርት ቤት ሙከራ ግሩም ነው። የደፈረሰውን ያጠራል። ለመጠጥ የሚያበቃ ግን አይደለም።

የአሸዋ ማጣሪያ የለም ማለቴ አይደለም። በትክክል ከተሠራ በጣም ጎበዝ ነው። ጄምስ ሲምፕሰን የሚባል መሐንዲስ በ1829 በለንደን ቼልሲ ዝግተኛ የአሸዋ ማጣሪያ ሠርቶ የከተማ ውሃ ያጣራበት ነበር። በ1990ዎቹ ደግሞ በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ማንዝ ይህንኑ ለአንድ ቤት የሚሆን አድርጎ አሳነሰው፤ ባዮሳንድ ይባላል። ምሥጢሩ አሸዋው ብቻ አይደለም። ከላዩ ላይ የሚበቅል ሕያው ስስ ሽፋን አለ፤ ጀርሙን የሚበላው እሱ ነው። ይህ ሽፋን እስኪጎለብት እስከ አንድ ወር ይወስዳል። እንዲኖር ደግሞ ከአሸዋው በላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ሁልጊዜ መቆም አለበት። ከደረቀ ይሞታል። ክሎሪን ያለበት ውሃ ካፈሰሱበትም ይሞታል። በየቀኑ የሚጠቀሙበት ከሆነና መብራት የማያስተማምን ከሆነ ያስቡበት እላለሁ። ያም ሆኖ የሚወጣውን ውሃ ክሎሪን ማድረግ ወይም ማፍላት አይቀርም።

አርኦ? የእሱ ዋና ሥራ የሟሟ ጨውና ማዕድን ማውጣት ነው። የዝናብ ውሃ ደግሞ መጀመሪያውኑ ጨው የለውም ማለት ይቻላል። ያልታመመን ሰው ቀዶ ሕክምና እንደማስገባት ነው። በዚያ ላይ ከሚገባበት ውሃ ከፊሉን ወደ ፍሳሽ ይጥላል። ያንን ሁሉ ደክመው ያጠራቀሙትን! ቀድሞም ማዕድን ያጣውን ውሃ ይበልጥ ባዶ ያደርገዋል። ጣሪያዎ ላይ እርሳስ ኖሮ ጣሪያውን መቀየር ካልቻሉ ያን ጊዜ ለማእድ ቤቷ ቧንቧ ብቻ እናስብበታለን።

ወደ ጎረቤትዎ ልምጣ። ግማሽ እውነት አላቸው። ክሎሪን ባክቴሪያንና አብዛኛውን ቫይረስ ይገድላል። ግን የደፈረሰ ውሃ ውስጥ ጀርሙ ከጭቃው ጀርባ ይደበቃል። ክሎሪኑም ቅጠሉንና ዝቃጩን ሲያቃጥል ያልቃል፤ ለጀርሙ አይተርፍም። ክሪፕቶስፖሪዲየምን ደግሞ በቤት ውስጥ መጠን ጨርሶ አይነካውም። ስለዚህ መጀመሪያ ማጥራት፣ ከዚያ ክሎሪን። መጠኑ እንዲህ ነው፦ ሽታ ማሳመሪያ ያልተጨመረበት ባለ 5 በመቶ በረኪና ከሆነ ለ1,000 ሊትር የጠራ ውሃ 40 ሚሊ ሊትር። ይህ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይሰጣል። በደንብ ቀላቅለው ቢያንስ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ በመመርመሪያ ይለኩ። በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ተርፎ ከተገኘ ሥራውን ሠርቷል። ምንም ካልተረፈ ውሃው ገና ቆሻሻ ነው፣ ወይም በረኪናው አርጅቷል። በረኪና መደርደሪያ ላይ ሲቆይ ይደክማል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

ሌላው አማራጭ የአልትራቫዮሌት መብራት ነው። ለመጠጥ ቧንቧ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ጣዕም አይቀይርም፣ ክሪፕቶስፖሪዲየምንም ያሸንፋል። ግን ውሃው ጥርት ያለ መሆን አለበት፤ ብርሃን ነውና ጥላ ይከልለዋል። ቢጫ ቀለሙም ብርሃኑን ይውጠዋል። በካሬ ሴንቲ ሜትር 40 ሚሊጁል የጨረር ጉልበት የሚሰጠውን ይምረጡ። አምፖሉ በዓመት አንዴ ይቀየራል። በርቶ ስላዩት እየሠራ ነው አይበሉ፤ ሰማያዊው ብርሃን እንዳለ ሆኖ ገዳዩ ጨረር ይደክማል። መብራት ሲጠፋም ጀርሙ ሳይገደል ውሃው እንዳያልፍ የሚዘጋ ቫልቭ ይኑረው።

ይህን ሁሉ ለ5,000 ሊትሩ በሙሉ ማድረግ የለብዎትም። ሽንት ቤትና አትክልት ወንፊትና የጠራ ታንከር ይበቃቸዋል። ልብስ 20ና 5 ማይክሮኑ ካለ ደስ ይለዋል። የሚጠጣውና የሚበስልበት ለአንድ ቤተሰብ በቀን ከ20 ወይም 30 ሊትር አይበልጥም። ለእሱ ብቻ ከ5 ማይክሮኑ በኋላ የከሰል ካርትሪጅ፣ ከከሰሉ በኋላ አልትራቫዮሌት ያድርጉ። ቅደም ተከተሉን አያዛቡ። ከሰል ቀለምና ሽታን ይቀንሳል፤ ግን ባክቴሪያ የሚወደው ቤት ነው፤ ስለዚህ ገዳዩ ከኋላው ይሁን። በከሰል ሽታውን ሸፍኜ ዝቃጩን ልተወው እንዳይሉ ብቻ።

መሣሪያው እስኪሟላ ድረስ ማፍላት አለ። ቡልቅ ቡልቅ ካለ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል። የሚኖሩበት ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ካለ ሦስት ደቂቃ ያድርጉት፤ እዚያ ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ነው የሚፈላው። ታንከሩ እስኪታጠብ ግን አፍልተውም አይጠጡት።

ሁሉም ተስተካክሎ መጠጣት ከመጀመርዎ በፊት ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይላኩ። የሚፈልጉት መልስ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ. ኮላይ (የሰገራ ብክለትን የሚያመለክት ባክቴሪያ) ዜሮ የሚል ነው። በዚያው የእርሳስና የዚንክ መጠንም ያስለኩ። ናሙናውን ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ በጣለው የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ማግስት ይቅዱት፤ በዝናብ ወቅት መሀል ጣሪያው ታጥቦ ሲያበቃ የተቀዳ ያታልላል። ጠርሙሱን ላቦራቶሪው ራሱ ይስጥዎ፣ በበረዶ ቀዝቅዞ በዚያው ቀን ይድረስ።